መርፌዋ ዜሮ ላይ

በአንድ ቁልፍ ተነሣች፤
የገንደ ቆሬን ቆርቆሮ በድምጿ አናወጠች።
አብዱሰመድ ከደስታው የያዘውን ጫት በተነ፣
"አቦ፣ ፔጆዬ!" እያለ፣ ሽርጡን ይዞ ዘፈነ።
እኔ አልሣቅሁም። ዓይኔ ያለው ከዘይቱ መርፌ ላይ፣
ዜሮዋን ተንተርሳ ከተኛችው፣ ቀና ሳትል ወደ ላይ።

አምስት ቆጠርሁ፣ ዐሥር ቆጠርሁ፤
ፑንቴሪያው ከላይ ደርቆ ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማሁ።
"አጥፋው!" አልሁት ልጁን። ረመዳን አጠፋው።
ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራል ዝምታው።

ትላንት ከቶርኖ የወጣ ኮሎ፣ ገና ያልተሟሸ ብሮንዚን፣
ዘይት ሳያይ ደቂቃ ቢዞር፣ ይላጣል እንደ ብርቱካን።
ሦስት ሳምንት በናፍታ ያጠብሁት፣ በሽቦ የጎረጎርሁት፣
ዕቃውን በዱቤ ለቅሜ፣ በእጄ ቡሎን ያጠበቅሁት።

እሺ። ከቀላሉ እንጀምር። ሊቤሎውን መዘዝሁ፤
ዘይቱ ሙሉ ነው፣ እንደ ማር የጠራ። በጨርቅ ጠረግሁ።
መርፌዋ ትሆን የምትዋሽ? አልሁ፤
ቡልቦውን ነቅዬ በቦታው ማኖሜትር አሰርሁ፣
ካንዴላዎቹን ፈትቼ በባትሪ ብቻ አዞርሁ።
ዜሮ።
መርፌዋስ እውነቷን ኖሯል። እኔ ነኝ የምዋሸው፣
አብዱሰመድን "ትንሽ ነገር ናት፣ አይዞህ" የምለው።

ፊልትሮውን ፈታሁ። ደረቅ ነው፣ እንደ ደቻቱ በጥር፤
ጠብታ እንኳ አልወጣው ለምስክር።
የግፊቱን ቫልቮላ አወጣሁ፤ ሞላው ደኅና፣ ኳሱም ደኅና።
"እንግዲህ ቶርነሪው ነው!" አልሁ፤ የጨነቀው ሰው ይወነጅላልና።

ሙሴ ጥላዬ መጡ፣ የሹመንደፈር ጡረተኛ፣
ማይክሮሜትራቸው በመሐረብ ተጠቅልሎ ደረት ኪሳቸው የተኛ።
አልጮኹም። "ሠላሳ ዓመት የባቡር ብረት ስቀርጽ ነው የኖርሁ፤
የሚሊሜትር መቶኛ እንኳ ሰርቄ አላውቅም፣" አሉ።
ሻይ ሳይቀምሱ ሄዱ፤ ጀርባቸውን አየሁ።

ቀትር ሆነ። የድሬ ቀትር፣ ኪያቤ በእጅ የማያስይዝ።
ተንጋልዬ ከሥሯ ገባሁ፤ ዘይቱን ቀድቼ ኮፓውን ፈታሁ።
ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ያን ማታ፣ መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ስንሠራ፣
ረመዳን "ጋሼ" አለኝ፣ ጣቱ ወደ መምጠጫው ቱቦ እያመራ፤
"ይቺ ጓርኒሲዮን እኮ አሮጌ ናት፣ ጠርዟ ተሰንጥቋል።"
"ዝም ብለህ ቡሎን አቀብል፣" አልሁ፣ "ሱቁ ተዘግቷል።"

ፀጉር ብቻ የምታስገባ ስንጥቅ።
ፖምፓው በተቀደደ ስትሮ ጁስ እንደሚምግ ልጅ ነው፤
አራት ሊትር ዘይት ውስጥ ቆሞ፣ ሲጠጣ የዋለው ነፋስ ነው።

ረመዳን አጠገቤ ቁጢጥ ብሏል። አየ። ያውቃል።
"ብዬህ ነበር" አላለም።
ለዚያ ዝምታ ማኖሜትር ቢታሰር፣ መስተዋቱ ይሰበራል።

ከታይዋን ወረቀት ገዝቶ መጣ። እሱ ለካ፣ እሱ ቆረጠ፣
ፖምፓውን በቫዝሊን ሞልቶ፣ ቱቦውን እሱ ገጠመ።
እኔ ባትሪ ያዝሁለት።

ሲመሽ ቁልፉን ሰጠሁት።
ዜሮ። ዜሮ። "አዙር፣ አትፍራ።"
ደቻቱ እንዲህ ነው፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ዝናቡ ከላይ ከተራራ፤
አሸዋው ደረቅ መስሎ ሰው በጫማው ሲሻገር፣
የሚያውቀው ቆሞ ያዳምጣል፣ ከሩቅ የሚመጣ ነገር።
መርፌዋ ተንቀጠቀጠች።
አንድ። አንድ ተኩል። ሦስት ላይ ወጥታ ቆመች።

አብዱሰመድ አሁን አልዘፈነም፤ ግንባሩን ኮፈኑ ላይ አስደገፈ።
ረመዳን እጁን በሳሙና ሳይሆን በአሸዋ አሸ፣ ከኔ እንደተማረው።

ከዚራ፣ ሙሴ ጥላዬ ደጅ፣ ነገ ማለዳ እሄዳለሁ፤
ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቻለሁ። ቃሉን ገና እፈልጋለሁ።