ቅዳሜ ና

አርባ ዓመት ቅዳሜ ገበያ፣ ልብስ ተራ መሐል ተቀምጬ፣
ስንቱን ሰው በቀጠሮ አደከምኩት፣ ጨርቁን ብቻ ቆራርጬ።
«ቅዳሜ ና» እለዋለሁ፤ ሲመጣም «ቁልፍ ብቻ ቀረው» እላለሁ፤
ሙሽራ ሳይቀር አስለቅሻለሁ።

አሁን ተራው የእኔ ነው።
ጨረር ክፍል በር ላይ መዝገብ የያዘችው ልጅ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣
«ተራዎ ሲደርስ እንደውላለን፣ አባባ» አለችኝ።
መቼ? ብላት፣
እኔ ለደንበኛ የማሳየውን ፈገግታ አሳየችኝ።

እስከዚያው መርፌ ነው።
በየሦስት ወሩ፣ ከእምብርቴ ዝቅ ብላ፣
ሲስተር ትርንጎ ቆዳዬን ቆንጥጣ ትወጋኛለች፤
«በሽታው የሚበላው የወንድነትዎን ጭማቂ ነው፣
ምግቡን ነው የምንዘጋበት» ትለኛለች።
እሱ እንዲጾም እኔም ጾምኩ፣
ፋሲካው ያልተነገረ ጾም።
ቁጥሩ ወርዷል ይሉኛል፣ ከሰማንያ ወደ ሁለት፤
አብሮ የወረደውን ግን የቆጠረልኝ የለም።

በመርፌ ስጠቅም ኖርኩ፣ መርፌም እኔን ጠቀመኝ፤
ይኼኛው ግን ስፌቴን እየተረተረ
ከራሴ የሚለየኝ ይመስለኛል።
ወገቤ ሰፋ፤ ሱሪዬን ከኋላ ፈትቼ ሁለት ጣት ለቀቅሁለት።
ደረቴ እንደ ኮረዳ አጎጠጎጠ፣ ሸሚዝ ሲነካው ያመኛል፤
የወንድ ልብስ ሰፊ ነኝ፣
ለዚህ ደረት ምን ዓይነት ቅድ ይወጣለታል?
በቀደም በሬዲዮ የጠፋች በቅሎ ሲያፋልጉ
ባለቤቷን አስቤ አለቀስኩ።

ነሐሴ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ቀሃ ሞልቶ ሲጮኽ ይሰማል፣
ጎንደር በጉም ተጠቅልላ ስትንቀጠቀጥ
የእኔ ፊት እንደ ካውያ ይግላል።
ብርድ ልብሱን ረግጬ ስጥል አትጠገብ ነቃች።
(ስሟን አባቷ ነው ያወጣው፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት ልኳ ነበር።
ካለፈው ኅዳር ወዲህ አጠገቧ እንደ ዕቃ እተኛለሁ፣
ስሟን ስጠራ አፍራለሁ።)
መብራት የለም። ከጨለማው ውስጥ ሳቋ መጣ።
«ታስታውሳለህ? እኔ በሃምሳ ዓመቴ እንዲህ ስነድ
‹ይህቺ ሴትዮ ምን ነካት› ብለህ
ትራስህን ይዘህ መደብ ላይ ወጣህ።»
አስታወስኩ። ይቅርታ የምልበት ቃል ስፈልግ
እሷ የራጁን ፊልም ከፖስታው አውጥታ
ታራግብልኝ ጀመር፤
የዳሌዬ አጥንት ከነጥላው
ነፋስ ሆኖ ፊቴ ላይ ሲመላለስ አደረ።

ምልክት አድርገውልኛል፣ በቀለም፣ ሦስት ነጥብ፤
ሁለቱ ዳሌዬ ላይ፣ አንዱ ከእምብርቴ በታች።
«እንዳይለቅ፣ በሳሙና አይሹት» አሉኝ።
እኔ ደግሞ ጨርቅ የማሰምረው በሳሙና ነው።
የተሰመረ ጨርቅ መቀስ ሳይነካው
ስንት ወር እንደሚያድር አውቃለሁ።
ባለፈው ስሄድ የቆላድባው ይርሳው ወንበሩ ላይ የለም፤
ተራው ደርሶት ይሁን ሌላ ተራ ጠርቶት
ልጅቷን አልጠየቅኋትም።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።
መነጽሬን ሳላገኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ አነሳሁት።
«ጋሽ አየልኝ? ሞላልኝ ነኝ። ያ ሱሪ…
ተራዬ አልደረሰም?»
«ቅዳሜ—» ልል አፌ ተከፈተ፤
መልሼ ዘጋሁት።
አንድ እግሩ የተሰፋ ሱሪ ከየካቲት ጀምሮ
ከሲንጀሯ ጎን ተንጠልጥሏል።
«ዛሬ ና» አልኩት። «ከሰዓት። ከነቁልፉ።»
ዝም አለ። አላመነኝም።
እኔም ብሆን አላምናቸውም፣
ደውለው ዛሬ ቢሉኝ።