የጣት ዋጋ

ቼኩን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።
ዘጠኝ ሚሊዮን ብር ስጽፍ እጄ አልራደም፤
ዜሮ ስደረድር ብቻ፣ ከላቤ ብዛት
ብዕሩ አንሸራተተኝ እንደ ዓሣ ጅራት።

ለበረኛ ነበር። ከሶዶ ለመጣ፣
ከቢሯችን በራፍ ጎንበስ ብሎ ለወጣ፣
ለመርክነህ።

ከተማው በነጋታው ለሁለት ተከፈለ፤
ፋሲሎ ላይ ባለባጃጁ «ተዘረፍን!» እያለ
በዚያ ብር ስንት መንገድ፣ ስንት ቦይ እንደሚሠራ ቆጠረ፤
ተሳፋሪው «አምና ስንት ገባብን?» ብሎ ተከራከረ፤
አንዱም ሳይረታ ዓባይ ማዶ ደረሱ፣
ስለ ሚሊዮን ሲያወሩ የትራንስፖርቱን ረሱ።

ዓሣ ተራ ወረድኩ፤ እዚያም ወሬው ያው ነው።
ሙጬ ቀረሶ ሲልጥ፣ ቢላውን ሳያሳርፈው፣
«ዓሣ» አለኝ፣ «ውሃ ውስጥ ሳለ ሁልጊዜም ግዙፍ ነው፤
ውሸቱ የሚለየው ሚዛን ላይ ስታወጣው ነው።»

የኔ ሥራ መቁጠር ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ
ያዳናቸውን ኳሶች ደመርኩ አንድ በአንድ ነጥዬ፤
መቶ ሃምሳ። ለአንዷ ስልሳ ሺህ ወጣ፣ ተቆጥሮ፤
ስልሳ ሺህ፦ የሚስቴ ጥርስ፣ የጣራችን ቆርቆሮ።
ከመቶ ሃምሳዋ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣
ዘጠናዋን አክስቴም በነጠላዋ ትይዝ ነበር።

አንዷ ግን፣
በዘጠና ሦስተኛው ደቂቃ፣ ፀሐይ በዘጌ በኩል ስትጠልቅ፣
ከቅርብ ተመትታ፣ ከመረቡ ስንዝር ስትርቅ፣
ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በጣቱ ጫፍ ገፋት።
ዘልዬ ያቀፍኩት ሰው፣ ቀና ብዬ ሳየው፣
ሦስት ዓመት በአጥር ድንበር የከሰሰኝ ጎረቤቴ ነው።
ይህችንስ ኳስ በየትኛው ዓምድ ልጻፋት?
ገቢ እንዳልላት ደረሰኝ የላት።

በመጋቢት ትከሻው ወለቀ።
በረዶ ብናጣ ከዓሣ ማቀዝቀዣ ለመንን፤
ዘጠኙ ሚሊዮናችን ቀረሶ ቀረሶ ሸተተን።
ተተኪው ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ አራት ገባበት፤
ባለባጃጁ ባለፍኩ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋብኝ ጀመር።

አንጓች ማልያ አጣቢያችን ናት።
ደመወዟ ሦስት ሺህ፣ የሁለት ወር ውዝፍ ያላት፤
(አዎ፣ የኔ ጥፋት ነው።)
ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ቧንቧው ሥር፣ ጓንቱን እየጨመቀች
«ጣቱ፣ አንዱ፣ ስንት ስንት ወጣ?» ብላ ጠየቀች።
ለአሥር አካፈልኩላት፦ ዘጠኝ መቶ ሺህ።
ዝም አለች። ከዚያ በሣሙና በተላጠ አንጓዋ
መቁጠር ጀመረች። ቀድሜ ስለማውቀው አንገቴን ደፋሁ፤
ሃያ አምስት ዓመት ነው።
ሃያ አምስት ዓመት ሳትበላ፣ ሳትጠጣ፣ ሳትታመም አጥባ
አንዲት ጣት።

«ትንሿ ጣቱ ቆልማማ ናት» አለችኝ በመጨረሻው፣
«ጓንቱን ስገለብጥ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው የምቸገረው።
የቆየ ስብራት ነው። ጎዶሎ ዕቃ በሙሉ ዋጋ ወሰዳችሁ!
እሷን ቀንሱና ለኔ ስጡኝ፣ ከፈቀዳችሁ።»
ሳቀች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

ቅዳሜ ወደ ማታ ሐይቁ ዳር ብቻውን አገኘሁት።
በደኅናው ክንዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይወረውራል፤
ድንጋይዋ ውሃውን ረገጥ ረገጥ አድርጋ ትሰምጣለች።
ስለ ዋጋው ከተማው ምን እንደሚል ያውቃል፤
እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ አላነሳነውም።
አንዷን ለቀቀና፣ ትከሻውን በሌላው እጁ ይዞ፣
«ስንቴ ነጠረች?» አለኝ።

«አራት» አልኩት።

በሃያ ሁለት ዓመት የመዝገብ ሥራዬ
የመጀመሪያው የሐሰት ቁጥር ነው።
ሦስት ነበረች።