ከነጥብ በኋላ

ሚያዝያ ነው፣ አላፑዛ፤ ውሃው ደክሞት ተኝቷል፣
እምቦጩ እንኳ ላብ አላበው፣ ነፋስም መንገድ ስቷል።
በጀልባችን ሆድ ውስጥ፣ ከሞተሩ ጎን፣
አራት ባትሪዎች በአርባ ሁለት ዲግሪ
ያለከልካሉ፤ ማን ይስማቸው ያን ቀን?

አባቴ ታንካቻን ችኩል ነው፤ ለነገሩ ምን ያድርግ፣
እንግዳ በማለዳ ይመጣል፣ ማራገቢያ የሚፈልግ፣
በረዶ የሚፈልግ፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚፈልግ።
ወረቀቱ «አሥራ አራት ነጥብ አራት» ይላል፤
አባቴ ቻርጀሩን ወደ አሥራ አምስት ያዞራል፣
«ብላ፣ ጥገብ፣ ሥራ!
ትንሽ ምርቃት ማንን ገደለ?»

ገደለ።
በሁለተኛው በጋ የአንደኛው ጎን ተነፋ፣
መኝታ ክፍሉ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ፤
ቬምባናድ ሐይቅ መሃል መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ፣
ሁለት ሙሽሮች ትንኝ ሲያባርሩ አደሩ፣
ሲነጋ ገንዘባቸውን ቆጥረው ተቀብለው ተሻገሩ።

ኦመና ቼቺን የጠራናት ያኔ ነው።
በታንኳ መጣች፣ ጥቁር ጃንጥላዋን ይዛ፣
የሣሪዋ ጫፍ በአሲድ ተበሳስቶ
እንደ ወንፊት ብርሃን የሚያሳልፍ።
መሣሪያ አላወጣችም።
መዳፏን ባትሪው ጎን ላይ አሳረፈች፣
የልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው ቆየች፣ ቆየች፤
«ታንካቻን፣» አለች፣
«ትኩሳት የያዘውን ልጅ ገንፎ ይግቱታል?»

አባቴ አኮረፈ፤ ወጥቶ ገመድ ይፈታ ጀመር፣
ያልታሰረ ገመድ።
«ና ሞኔ፣ አንተ አንብብልኝ።
ይህን ወረቀት የጻፈው ሰው
ሃያ አምስት ዲግሪ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው፤
እኛ ዘንድ ግን ፀሐይ እራትም ትበላለች።
ሙቀቱ ሲወጣ ቁጥሩ ይውረድ፤
በየአሥሩ ዲግሪ ሁለት፣ ሁለት ተኩል ቀንስ፣
ዛሬ አሥራ አራት፣ ነጥብ ዜሮ።
ከነጥብ በፊት ያለውን ማንም ያያል፤
ባትሪ የሚሞተው ከነጥብ በኋላ ነው።»

ቀጭን ሽቦ አወጣች፣ ጫፉ ላይ ሙቀት የሚሰማ ጆሮ፤
ግድግዳው ላይ ልሰቅለው ስል ነጠቀችኝ፣
ባትሪው ገላ ላይ አሰረችው፣
«ክፍሉን ምን ያደርግለታል? በሽተኛውን ይስማ።»
ክዳኖቹን ስትከፍት እርሳሶቹ ደርቀው
ራሳቸውን ከውሃ በላይ አውጥተዋል።
የቧንቧ ውሃ ሳቀብላት እጄን መታ አደረገች፣
«በጨው ጥሙን የቆረጠ አይተሃል?»
የተጣራ ውሃ፣ በጠብታ፣ በጠብታ፣
እርሳሱ እስኪሸፈን፤
እስከ አፉ አይደለም፣ ለትንፋሹም ተወው ቦታ።

ወጪ ስትል ዞር አለች፦
«ሞተር ሲጠፋ ሳጥኑ ገና ምድጃ ነው፤
ሲበርድለት ነው የሚርበው።
እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቁ፣ መስኮቱንም ክፈቱ፣
ሲሞላ የሚያገሳው ጋዝ ክብሪት ይወዳል፤
ሲጋራህን፣ ታንካቻን፣ ሲጋራህን።»

በዘጠኝ ሰዓት ተነሣሁ። ሐይቁ ጥቁር፣ ቆርቆሮው ቀዝቅዟል።
ማብሪያውን ስነካ
ከውስጥ ትንሽ፣ ትንሽ መፍላት ተሰማኝ፣
እንደ ሩቅ ዝናብ።
ከኋላዬ ባዶ እግር መጣ።
አባቴ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ባትሪው ላይ አኖረ፣
ምንም አልተናገረም፤ እኔም ምንም።
ያልተለኮሰች ሲጋራ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነበረ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ትኩሳት አባቴን ጣለው፤
ጎረቤት ሁሉ ሳህን ይዞ መጣ፣ «ቅመስ፣ ጉረስ፣ ጨርስ» አለው።
ዓይኑን ሳይገልጥ፣ እጁን አወጣ ከብርድ ልብሱ፣
«ከነጥብ በኋላ…» አለ፣
«ከነጥብ በኋላ ቀንሱ።»