ቁልፉን ያየ ሰው

ጥር ነው፤ ዛብዤ ላይ በረዶው ዘንድሮ ነጭ ነው፤
ማዕድኑ ተዘጋ፣ ከሰል አጣ የሚያጠቁረው።
እኔም በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ አዲስ ቱታ ለብሼ፣
ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ከልጆች መሀል ተመልሼ፣
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመሬት ሆድ ውስጥ ኖሬ፣
የጣሪያውን ሲቃ በጆሮዬ መርምሬ፣
አሁን ስለ እጅጌ ቁልፍ፣ ስለ መነጽር ይነገረኛል፤
"ቶርኖ ላይ ጓንት አይደረግም" የሚል ወረቀት ያስፈርሙኛል።

ማስተር ኤርቪን፣ ጢሙ ያለቀ ብሩሽ የሚመስል፣
በየጠዋቱ ጣቶቹን ቆጥሮ "አሁንም አስር!" የሚል፤
"አርባ ዓመት ሠርቼ አስሩም አሉኝ፤
ዲፕሎማዬ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝ።"
ቀለበት አስወለቀን፤ ጣሳው ውስጥ ኳ ኳ አለ፤
የኔ አልወጣም ብሎ ከሳሙና ጋር ታገለ፤
ሲወጣ ግን ጣቴ ላይ ነጭ ክብ ተከለ።

ማክሰኞ ነበረ። ማሽኑን ከበን ቆመናል።
ኤርቪን ብረቱን አስያዘ፣ መንጋጋውን አጠበቀ፣
ስለ ፍጥነት እያወራ፣ ስለ ቢላው ማዕዘን፣
እጁን ወደ ማስነሻው ሰደደ።
ቁልፉ ግን ከመንጋጋው አልተነቀለም።
እንደተሰካ ነው።

አየሁት።
ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።
ማሽኑ ቢዞር ያ ብረት እንደ ጥይት ተወርውሮ
የማንን ግንባር እንደሚያገኝ እያወቅኩ፣
ዝም አልኩ።
"ማስተር ነው፤ ያውቃል።"
ምላሴ ሞርሳ ውስጥ ገብታ ተጠረቀመች።

ድሮም እንዲሁ ነበር። ስድስት መቶ ሜትር ታች፣
ምሰሶው ሲያቃስት ሰማሁ፤ አለቃው አጠገቤ ነበር፤
"እሱ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ" ብዬ ዋጥኩት።
አሎይዚ በቀኝ እግሩ ከፈለ።
እስከ ዛሬ ቢራ እጋብዘዋለሁ፤
ስለ ምሰሶው ግን አናነሳም።

"አቁም!"

ድምጿ ቀጭን ነበር፤ መሀል ላይ ተሰበረ።
ኢጋ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ፀጉሯ በመረብ የታሰረ።
"ቁልፉ... ይቅርታ ማስተር... ቁልፉ እዚያው ነው" ስትል
ጆሮዋ ድረስ ቀላች፣ እሷ ያጠፋች ይመስል።
ኤርቪን እጁን አነሳ፤ ግድግዳውን አሳየን፤
ዋናው ማብሪያ ጠፍቷል፤ የራሱ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፤
ከጠዋት ጀምሮ ነው የሚፈትነን።
"ብረት መቁረጥማ ውሎ አድሮ ሁሉም ይለምዳል፤
የሚከብደው እኔን ማስቆም ነው፤
እሱን የቻለ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።"
ከዚያ በዓይኑ አንድ በአንድ ቆጠረን፤
እኔ ላይ ሲደርስ ቆየ፤
ምንም አላለም።

ማታ ትራም ውስጥ ቃሏን ተለማመድኳት፤
መስኮቱ በትንፋሼ እስኪደበዝዝ።
"አቁም።" በሹክሹክታ።
"አቁም።" ትንሽ ከፍ አድርጌ።
ሦስተኛዋ ሳላስበው ጮኸች፣
ትራሟም ተንጫጭታ ቆመች።
ሾፌሯ በመስታወት አየችኝ፤ "ምነው አባት፣ ደህና ነዎት?"
ሰው ሁሉ ዞረ። ምን ልበላት?
አመስግኜ ወረድኩ፤
ቤቴ ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረዋል።

የወረድኩበት የአሎይዚ መንደር ነው።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ መብራት ነበረ።
ደወሉን ከመጫኔ በፊት
ጓንቴን አወለቅኩ።