ልክ እና ልኩ

ዓርብ ከሰዓት ነበር፣ ከባሕሩ ግድብ ሥር፣
ነፋስ መስኮታችንን በአሸዋ ሲቆረቁር።
በፍሪስላንድ ዳርቻ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል፣
ስክሪኑ ለምልሞ የግጦሽ ሜዳ ሲመስል፣
ሺህ ሁለት መቶ ፈተና
ሁሉም አለፈና፣
«መቶ በመቶ» አለ ሪፖርቱ፤
ያልተረገጠ መስመር የለም፣ ከኮዱ ራስ እስከ ጅራቱ።

ዊብረን ኮቱን ደረበ። «እንግዲህ ይበቃል፣
ሰኞ የመርከቡ በር በዚህ ይከፈታል፤
ፈርሚና እንሂድ።»
ሂልትዬ እስክሪብቶዋን አላነሳችም።
«ልክ መሆኑ አንድ ነው፣ ልኩን ማወቅ ሌላ፤
ድልድይ የተሻገረ ወንዙን አያውቅም በገላ።»

(ከሺህ ሁለት መቶው ሦስት መቶው የኔ ናቸው።
በስድስት ወር ጻፍኳቸው፤
ስለዚህ ቅር አለኝ።)

ወንበሯን ሳበች። በቅጂው ላይ፣ ዋናው ሳይነካ፣
ስሕተት ትተክል ጀመር፤ ዘበኛን በሌባ ልትለካ።
እዚህ «ይበልጣል»ን «ያንሳል» አደረገች፣
እዚያ መደመርን በመቀነስ ለወጠች፣
የአምስት ሴኮንዱን ጥበቃ አምስት ደቂቃ አለች።
አርባ ትንንሽ ሌቦች በገዛ እጇ አስገብታ፣
«ውሾቻችን ካሉ ይጩኹ» ብላ ጠበቀች በጸጥታ።

ሠላሳ አንዱ ተያዙ። ቀይ፣ ቀይ፣ ደግሞ ቀይ፤
ቀይ መብራት ሲበራ ሰው ደስ ይለዋል ወይ?
ያን ቀን፣ አዎ።
ዘጠኙ ግን በዋናው በር ገቡ፣ ኮቴያቸውን ሳይደብቁ፤
ውሾቹ አዩዋቸው፣ ጅራት ቆሉ፣ ማንነታቸውን አልጠየቁ።

አንዱን ከፍተን አየን። የውሃ መለኪያው ዝም ሲል
ምን ይደረግ የሚለው መስመር ነው፤ «በሩ አይከፈት» የሚል።
ሂልትዬ «አ»ዋን ነቅላታለች፤ አንዲት ፊደል ብቻ፤
«በሩ ይከፈት» ሆኖ ቀረ መጨረሻ።
የኔ ፈተና በዚያ መስመር አልፏል፤ ረግጦታል፤
«ምን አልክ?» ሳይለው ግን ሰላም ብሎት ሄዷል።
ዝምታው ዜሮ ሆነ፣ ዜሮውም «ውሃ የለም» ሆነ፤
በሩም በሁለት ሜትር ማዕበል ፊት ሊከፈት ተማመነ።

ዱካችንን ቆጥረን ነው ለካ መቶ ያልነው።
የጠየቅነው ስንት ነው?
ማንም አልቆጠረው።

ዊብረን ኮቱን አወለቀ። ምንም አላለም።
ሰኞ ወደ ሐሙስ ተገፋ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ፎፕኬ መጣ፣ የበሩ ዘበኛ፣
ጭረት በጭረት የሆነች በትሩን ይዞ በእጁ ግራኛ።
አርባ ዓመት ውሃ ለክቶባታል።
«በትርህን ነው የምታምነው?» ብለው፣ ሳቀ።
«እሷንም አላምን፣ ስክሪኑንም አላምን፤
ሁለቱ ሲጣሉ ነው እኔ የምነቃ።»
ከዚያ ዘወር ብሎ ጠየቀን፦
«ለመሆኑ፣ እናንተ ከማን ጋር ነው ያጣላችሁት?»

አራት ቀን ጻፍን፣ አራት ቀን ሰበርን።
ዘጠኙ ሰባት፣ ሰባቱ አራት፣ በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤
ሁለቱ መልካቸው እንጂ ግብራቸው አይለወጥም፣ ቢቀየሩ፤
ሌባ ናቸው እንዳንል የወሰዱት የለም፣
ንጹሕ ናቸው ስንል እንቅልፍ አልወሰደንም።
እስኪመሽ ተከራከርንባቸው።
«አሁንስ ይበቃል?» አለ ዊብረን፣ ድምፁ ደክሞ።
«ፈተና ‹በቃሁ› ብሎ አያውቅም፤ ‹በቃ› የምንለው እኛ ነን።
ስለዚህ የት ላይ እንዳልነው ይጻፍ።»

ከፊርማዋ በላይ፣ በጠባቧ ባዶ ቦታ፣ ጻፈች፦
ያልጠየቅነው፦ በረዶ ማጠፊያውን ሲይዘው።
ያልጠየቅነው፦ መብራት ጠፍቶ ሳይውል ሳያድር፣ በቅጽበት ሲመለስ።
ያልጠየቅነው፦ ያልታሰበን።
ሦስተኛውን ሰረዘችው። መልሳ ጻፈችው።
ፈረመች።

ሐሙስ ማታ ስኳር ድንች የጫነች ጀልባ መጣች፣
መብራቷ ውሃው ላይ ተሰባብሮ።
በሩ ተንቀሳቀሰ። ስክሪኑ «ልክ ነው» አለ።
ፎፕኬ ከዳር ተንበርክኮ በትሩን ነከረ፤
እኔም ትንፋሼን ይዤ ጭረቶቹን ቆጠርኩ።