ዘፈን እንጭናለን

ቡሬ መናኸሪያ መውጫው ላይ፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤት፣
አሮጌ ኮምፒውተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ የተቀጠለ መብራት፣
በሬ ላይ በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጄ የጻፍኩበት፦
«ዘፈን እንጭናለን፤ ሚሞሪ ሙሉ፣ አሥር ብር።»
ሥራዬ ይኸው ነበር።

ሳልሰማ ነበር የምጭነው፤ ጣት ምን ጆሮ አለው?
እህል ነጋዴ ጆንያውን ሁሉ ሊቀምስ ነው?

ጥቅምት ላይ አንድ ጎረምሳ ፍላሽ ይዞ መጣ፤
ስም የለው፤ ስክሪኑ ላይ «ትራክ ሰባት» ብሎ ወጣ።
ከበሮው ያምር ነበር፤ ይህን አልክድም፤
ትከሻ ቃል አይጠይቅም።
ቃሉን እዚህ አልደግመውም፤ አንዴ መጫኔ ይበቃል።
ጎረቤትን አረም ይላል።
አረም ምን እንደሚደረግ፣ ጤፍ አራሚ አገር ላይ፣
ማስረዳት ያሻል ወይ?

በሳምንት ሦስት መቶ ስልክ፤ ሦስት ሺህ ብር ቆጠርኩ።
ባጃጁ ያው፣ ወፍጮ ቤቱ ያው፤ እኔም ድምፁን ጨመርኩ።
የሰፈር ልጆች ገመድ ሲዘሉ በሱ ዜማ ቆጠሩ፤
አረም፣ አንድ፤ አረም፣ ሁለት፤ አቧራ እየጫሩ።

ቀጀላ፣ ጎማ ለጣፊው፣ ከኔ ግድግዳ ማዶ፣
የነቀምት ሰው ነው፤
አሥራ አንድ ዓመት ያንድ ቆጣሪ መብራት ተካፍለን፣
ማን ስንት እንደበላ ተጨቃጭቀን፣ ስቀን ከፍለን።
ልጁ ሲፈን ከዘላዮቹ አንዷ ነበረች፤
ግጥሙን በቃሏ ይዛ፣ ስለ ማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ዘለለች።
አባቷ ጎማ እንደታቀፈ ቆመ። አየኝ።
ምንም አላለኝ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት አይሱዙ በራችን ቆመ።
ፍራሽ ጫነ። ኮምፕሬሰሩን ጫነ። የልጅቱን ደብተር ጫነ።
«ላግዝህ» አልኩት፣ እጄን ዘርግቼ።
«አንተማ» አለ፣ ገመዱን እያጠበቀ፣
«ጭነህ ጨርሰሃል።»

ቅዳሜ ማታ፣ ጠጅ ቤት፣ አንድ ሞቅ ያለው ሰው
አዝማሪው ምንይችል ግንባር ላይ ሁለት መቶ ብር ለጥፎ
«ተቀበል!» አለ፤ ያንኑ የአረም ቃል አሳጥሮ፣ አጣፍጦ።
ምንይችል ደጋኑን ከጭራው አነሣ።
«ጌታዬ፣ ስድብ ተቀብያለሁ፤ ጥፊም፤ አንዴም የጠጅ አተላ።
ይህን ግን አልቀበልም» ብሎ ብሩን ላጠና መለሰ።
ብርሌ ተወረወረ። የማሲንቆው ጭራ ተበጠሰ።
ያጨበጨበ የለም። እኔም አላጨበጨብኩም።
ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ጠዋት ከቀዩ ጽሑፍ ሥር ሌላ መስመር ጨመርኩ፦
«ትራክ ሰባት ያለው ይምጣ፤ በነጻ አጠፋለሁ።»
በወር ዘጠኝ ሰው መጣ።
አንድ ባጃጅ ነጂ በሬ ላይ ተፍቶ ሄደ።
አንዱ «ሰርዝልኝ» አለ፣ «ከበሮውን ግን ተውልኝ።»
ከሦስት መቶ ዘጠኝ። ሒሳቡን አውቀዋለሁ።

አሁን ሳልሰማ አልጭንም። ወረፋው ይረዝማል፤ ደንበኛ ያማርራል።
ቀጀላ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ነበር
አረፋ እስኪወጣ፣ ቀዳዳውን የሚጠብቀው።
ሳፋው አሁንም ከግድግዳው ማዶ አለ፤
የሰኔ ዝናብ ሞልቶታል።