ከምግብ በፊት

ጠባሴ። ማለዳ። ጉም ከበሬሳ ወጥቶ
መስታወቴን ሲልስ በር ላይ ተጎልቶ፣
ጋሽ እንግዳሸት ነው የመጀመሪያው ሰው፤
ከፋብሪካው ሲወጣ በጡረታ የደረሰው
ጠርዙ ያልተሰፋ ብርድ ልብስ ለብሶ፣
"ያችኑ ስጪኝ" ይላል ሆዱን በእጁ ዳብሶ።
ስሟን አይጠራትም፣
እጄም መሳቢያዋን በጨለማ አይስትም።

ማዘዣው አንድ ነው፤ የፊቱ፣ የጥንቱ፣
"ለአራት ሳምንት" የሚል የሐኪም ጽሕፈቱ።
ሳምንቱ ግን ክረምት፣ ክረምት ሌላ ክረምት
እየጠራ ሄዶ ሞላ አሥራ አንድ ዓመት።

"እሳት ነበር" ይላል፣ "ሌሊት ፈረቃ ላይ
ደረቴን ተርትሮ የሚወጣ ወደ ላይ፤
ጎመን ብበላበት፣ ሽሮ ብበላበት፣
ጦም ብውልበትም ያው ነው የሚነድበት።
ይቺን ስውጥ ጊዜ ውኃ ተደፋበት።"

"ሆድ ይፍጀው" ይባላል በእኛ አገር ብልኃት፤
ስንቱን ፈጅቶ ኖሯል የጋሽ እንግዳ እሳት፦
የተቆረጠበትን ደመወዝ፣ የልጁን ዝምታ፣
የፈረቃ ሹሙን ያልተመለሰች ሰላምታ።
እኔ በጥቂት ፍሬ ያን እሳት አጠፋሁት፤
"ከእንግዲህስ ምን ይፍጀው?" ብዬ አልጠየቅሁት።

ኅዳር ላይ ነው ያየሁ፣
ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተወውን ቀለበት፣
በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር እብጠት።
"ጫማዬ ጠበበኝ" ብሎኝ ደግሞ ይስቃል፤
ያረጀ ጫማ ግን መቼ ጠብቦ ያውቃል?

ሄዶ ተመረመረ።
"ኩላሊትን የሚያይ አንድዬ ብቻ ነው
እያልሁ ኖሬ" አለኝ፣ "በመቶ ሰማንያ ብር ላቦራቶሪ አየው።"
በአራት ታጥፎ ላብ የነካው ወረቀት
ባንኮኒዬ ላይ ዘረጋ፤
ክሬቲኒን፦ ሁለት ነጥብ አራት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የሞላሌ ልጅ፣ ለቃሉ አይቸኩልም፦
"ግፊቱም ሊሆን ይችላል።
ለወገብዎ ሲውጡት የኖሩት ማስታገሻም ሊሆን ይችላል።
ይቺም ልትሆን ትችላለች፤
አብዛኛውን ሰው አትነካም፣
ጥቂቱን ግን፣ ሲቆዩባት፣ ኩላሊቱን ቀስ እያለች…
እርግጡን ልነግርዎ አልችልም።
ብቻ በአንዴ አይተዉዋት፤ እየቀነስን እንሄዳለን፣
ድንገት ካቆሟት እሳቱ ተቆጥቶ ይመለሳል።"

ሊሆን ይችላል።
"ነው" ቢባል አለቅስ ነበር፣ "አይደለም" ቢባል እረሳ፤
"ሊሆን ይችላል" ግን እንደ ጠባሴ ጉም ነው፣
አይዘንብ፣ አይነሳ።

ማታ ሱቄን ዘግቼ በሂሳብ ማሽኑ መታሁት፦
አራት ሺህ አሥራ አምስት።
ተሳስቼ እንደሆን ብዬ ደገምሁት።
አራት ሺህ ጠዋት "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎኛል።
አጠፋሁ።
እሳቱን ማለቴ ነው።

ዛሬ ደግሞ መጣ። ጉሙ እንዳለ ነው።
"ያችኑ ስጪኝ።"
"ጋሼ፣ ቀንሰን ጨርሰን የለም እንዴ?"
"ለእኔ አይደለም" አለ፣ "ለስህንወርቅ ነው፤
ሆዷን እሳት እሳት ይላታል። ለእኔ ስለበጀኝ…"

እጄ ወደ መሳቢያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።
"ከመቼ ጀምሮ ነው? ክብደቷስ ቀንሷል?
ደም ያስመልሳታል? ግፊት አለባት?
ለወገቧ የምትውጠው አለ? ሐኪም አይቷታል?"
አሥራ አንድ ዓመት ያልጠየቅሁትን ሁሉ
በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍሁት።

እሱ ባንኮኒውን ተደግፎ ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ፤
አንዱን እጁን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሻገር
"ቆይ እንጂ" አለ፣
"ከእኔዋ እኮ
አልፎ አልፎ አካፍላት ነበር።"